ፀሐይ ወሰደችው ያለኝ ሰው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ሰይፈሥላሴ፤ ሮም።

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህስ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያምሃል? ደህና ነኝ ብለህ በአንድ ቃል እንዳታልፈኝ፤ ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ሻከር ብሎ ነበር፤ ባለቤትህ ሚስጥርም ከጎንህ ሆና "ንገራት እንጂ" ስትልህ ሰምቻለሁ። ምኑን እንደምትነግረኝ ግን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም። ሚስጥርስ እንዴት ናት? ሳባ ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? ጌዲዮን ምግብ ይበላል? በላካችሁት ፎቶ ላይ ከስቶ አየሁት። ልጄ ዕድላዊት ካሜራው ነው አለችኝ፤ እኔ ግን ካሜራ ሰው ሲያከሳ አላየሁም። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። ጭጋጉ አልገለጥ ብሎ ገብሱም እኛም ፀሐይ እንደናፈቀን ነው። ፀሐይ ስል ደግሞ ነገሬ ተነካ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያት እሷ ናት ይሉኛልና።

በስልክ መናገር ስትችል ለምን ወረቀት አነሳች ትል ይሆናል። ስልክ ሳነሳ ዕድላዊት ጆሮዋን ታቆማለች፤ እሷ ባትኖር ጎረቤታችን ጌጤ አጥር ሥር ጎመን መቅጠፍ ያምራታል። ጉዳዩ ደግሞ የዕድላዊት የጋብቻ ነገር ነው። ባለቤቴ ላቀው ካረፈ ወዲህ አባቷ አንተ ነህ፤ ያለ አንተ ቃል እሺም እምቢም ማለት አልነበረብኝም። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። ምክንያቴን ከሥር ጀምሬ ልንገርህና ሰምተህ ፍረድ።

ባለፈው መስቀል ማግስት ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አስተማሪዎች ግቢያችን ገብተው የላቀውን የሽመና ቤት ለአንድ መሣሪያ ማስቀመጫ ስጪን አሉኝ። ምን ሊሠራ ብላቸው የጠፈር ጨረር ሊቆጥር ነው አሉ። ከፀሐይም ወዲያ፣ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣ አንድ የማይታይ ዝናብ ሌትና ቀን ይወርድብናል፤ ከአቧራ እጅግ ያነሰ ቅንጣት ነው፤ ከላይ አየሩን ሲመታ ይሰባበርና ስብርባሪው ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ እኔን ራሴን አልፎ መሬት ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አንዱ ባለፈበት ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ያ ብልጭታ ነው የሚቆጠረው። ዶርዜን የመረጥነው ከፍ ስለሚል፣ ከላያችሁ ያለው አየር ከቆላው ስለሚሳሳ ነው አሉኝ። እኔ በበኩሌ መሬቴን ሊለኩ የመጡ መስሎኝ ሳጥኑን አስከፍቼ እስክፈትሽ ድረስ ቁልፍ አልሰጠኋቸውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ታውቀኛለህ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በወረዳ ንብረት ክፍል ውስጥ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነው። ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት የገባ፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት የወጣ መርፌ አልነበረኝም። ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዓይኔ ጡረታ አልወጣም። ስለዚህ ግድግዳ የማያግደው፣ በር ሳይከፈትለት ገብቶ በር ሳይከፈትለት የሚወጣ ዕቃ አለ ሲሉኝ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት ተደርጎ ይጠበቃል?

መሣሪያውን እንዲጠብቅ የተመደበው ሰው ክብሩ ይባላል። የካምባ ልጅ ነው፤ ጋሽ ጉታ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ተቀመጠ። ጋሽ ጉታን ታስታውሳቸዋለህ፤ ዱቡሻ ላይ አገር ሲሰበሰብ ከሁሉ በፊት የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው። ክብሩ ዝምተኛ ነው፤ ሰው ዝም ሲል ደግሞ እኔ እሰጋለሁ። ከሽመናው ቤት ሽቦ ስቦ የቆጠራውን ስክሪን እኔ ሳሎን ሰቀለ፤ መብራት ሲጠፋ እንዲነግሩኝ ነው አለኝ። ዕድላዊት ከጤና ጣቢያ ሥራዋ በምትመለስበት ሰዓት ሳሎኔ የሚገባበት ሰበብ መፈለጉ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ደግሞ በገዛ አፉ፣ አየሩ ሲከብድ ቆጠራው ዝቅ ስለሚል የአየሩን ግፊት ለክቼ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ጋሼ፣ ራሱ ቆጥሮ ራሱ የሚያርም ሰው እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። ይህን ለዕድላዊት ብነግራት ሳቀች፤ መሳቋም አልጣመኝም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ከቀርከሃ የተሠራውን የላቀውን የሽመና ቤት ምስጥ እግሩን በልቶት በሩ እያጠረ ሄዶ ነበርና በግንቦት መጨረሻ፣ አርብ ዕለት፣ ጎረቤት ተጠራ። ክብሩ ሳጥኑን አውጥቶ በጋቢ ጠቅልሎ ጌጤ ቤት አኖረው። የተበላውን እግር ከቆረጡለት በኋላ ወንዶቹ ዙሪያውን ይዘው እየዘፈኑ ቤቱን እንዳለ አንስተው ከቀርከሃው ጥግ ወደ ላይኛው ሜዳ ወሰዱት። አንተ ብትኖር ከፊት ሆነህ ትጮህ ነበር። ሳጥኑ ተመለሰ፣ ሁሉም በላ ጠጣ፣ ተመራርቆ ተለያየ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስክሪኑን ቀና ብዬ ባየው የቆጠራው መስመር ወርዷል። ከመቶው ሦስት ያህል ጎድሏል።

ሰው ሦስት ምን አላት ይላል። ግምጃ ቤት ያልሠራ ነው እንዲህ የሚለው። ብዙ ሲጎድል የተሳሳተው ስሌቱ ነው፤ ሌባ ያለው ጥቂት ሲጎድል ነው። ሌባ ኩንታሉን አያነሳም፤ ከየኩንታሉ አንድ አንድ ጣሳ ይቀንሳል። ሳጥኑን ያወጣው ክብሩ፣ ያስገባው ክብሩ፣ ቁልፉ በክብሩ ኪስ። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

ጠርቼ ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ ልክነሽ፣ ፀሐይ ናት የወሰደችው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ፀሐይ ብትበረታ የሚመጣው ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል ብዬ ብጠይቀው፣ ይህ ዝናብ የፀሐይ አይደለም፤ ከእሷ ወዲያ ነው የሚመጣው አለኝ። ፀሐይ ሁልጊዜ ማግኔት ያለበት ነፋስ ወደ ውጭ ትነፍሳለች፤ ከሩቅ የሚመጣው ቅንጣት ያንን ነፋስ እየታገለ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። አንዳንዴ ደግሞ ትቆጣና አንድ ትልቅ ማዕበል ትተፋለች። ማዕበሉ በምድራችን ላይ ሲያልፍ የሚመጣውን ዝናብ ጠራርጎ ይገፋልናል፤ እስኪያልፍ ድረስ ቆጠራው ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ወንዝ ሲሞላ ከአባያ ሽቅብ የሚዋኘው ዓሣ ይቀንስ የለም ወይ አለኝ። የካምባ ሰው ስለ አባያ ዓሣ ምን ያውቃል አልኩ በሆዴ።

እሱ ግን በዚህም አላበቃም። ፀሐይ ራሷ የምትታወክበትና ጸጥ የምትልበት ዘመን አላት፤ ዙሯ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ነው፤ አሁን ያለንበት የታወከችበት ነው፤ ጸጥ ባለችበት ጊዜ ተክለነው ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም ከዚህ የበለጠ እንቆጥር ነበር አለ። ሰማህ ጋሼ? ለዛሬው ጉድለት ብቻ ሳይሆን ለመጪዎቹም ዓመታት ምክንያቱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ምስክር አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ደግሞ ምስክሩን የቆጠረው አንተ ዘንድ ነው። እንዲህ ያለ መቁጠሪያ በብዙ አገር አለ፤ ወንድምዎ በሚኖሩበት በሮምም አለ፤ የዚያም በዚያው እሑድ ወርዷል አለኝና ስልኩ ላይ የሆነ የተጣመመ መስመር አሳየኝ። መስመር ማን ያቅተዋል? እኔም በእርሳስ እስለዋለሁ። ሊጠራ የማይችል ምስክር የሚጠራ ሰው ስንት አይቻለሁ።

የእሱ ሽማግሌዎች የተቀጠሩበት ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር። አባቱ ከካምባ ድረስ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ላኩ። ጋሽ ጉታም ተቀመጡ፣ ጌጤም ባልተጠራችበት ተቀመጠች። ልጅሽን ለልጃችን አሉኝ። እኔም የጎደለው ሳይሟላ ልጄ ከቤት አትወጣም፤ በእጁ ያለ ነገር የሚጎድልበት ሰው ቤት አያቆምም አልኳቸው። የቀረበላቸውን ቆጮ ሳይነኩ ተነሱ። ዕድላዊት ጓዳ ነበረች፤ ሰምታለች።

መንደሩም የራሱን ይላል። ጋሽ ጉታ ነገሩ ጎሜ ነው፤ ቤቱ ሲነሳ የተከለከለ ነገር ተነክቷል፤ አዲሱ ቦታ አልወደደውም፤ ስለዚህ ወደ ድሮ ቦታው ይመለስ ብለው በዱቡሻ ተናግረው ለመጪው ቅዳሜ ሰው ቀጥረዋል። ቤት ተሸክሞ መሄድ ሳያንስ ተሸክሞ መመለስ።

ክብሩ ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግስት ወደ ካምባ ለመሄድ ተነስቶ ሊሰናበተኝ መጣ። ሳልጠይቀው የሽመናውን ቤት ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖረና "እኔ አልወሰድኩትም፤ ስለዚህ እኔ ሳልኖርም ይመለሳል" አለኝ። ብልጥ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አስቦ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ በሩን ቆልፌ፣ ማጠፊያውን በክር አስሬ፣ ክሩ ላይ የሻማ ሰም አንጠባጥቤ አውራ ጣቴን አተምኩበት፤ ድሮ ግምጃ ቤት እንደማደርገው። ካምባ ሆኖ በስልክ ይነካካው ይሆናል ብዬም ሳሎን ካለው ስክሪን ላይ ሲም ካርድ ያለበትን ዕቃ ነቀልኩት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ዕድላዊት ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም፤ ለመጨረሻ ጊዜ "እማዬ፣ አንቺ ሌባ ካላገኘሽ ሰላም አይሰጥሽም" ብላኝ ነው ጓዳ የገባችው።

እንግዲህ ጋሼ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እዚያ ያለውን መቁጠሪያ ፈልገህ፣ በሩን አንኳኩተህ፣ በግንቦት ሃያ አራት እሑድ ቆጠራችሁ ወርዶ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅልኝ። የስልክ መስመር አልፈልግም፤ የአንተን ዓይን ነው የምፈልገው። ወርዷል ካልከኝ እናያለን። አልወረደም ካልከኝ ግን ይህ ሰው

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት፤ ጌጤ ልትጠራኝ መጥታ። ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከትቼው ሰነበተ። ዛሬ አውጥቼ ሳነበው ይህችን ሴትዮ አላውቃትም ብልህ ውሸት ነው፤ አሳምሬ አውቃታለሁ። ልቀደው ነበር፤ ግን እንዳለ ላክሁልህ፤ የምጠይቅህን ይቅርታ ለምን እንደሆነ አውቀህ እንድታደርግልኝ።

ቆጠራው ተመለሰ። ድንገት አይደለም፤ ከበሽታ እንደሚያገግም ሰው ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያለ ወጥቶ፣ ጋሽ ጉታ ቤቱን ሊያሸክሙ በቀጠሩት ቅዳሜ ዋዜማ መስመሩ ድሮ የነበረበት ደረሰ። እኔ ታዲያ መጀመሪያ ያደረግሁት መደሰት አይደለም፤ ማኅተሜን ለማየት ሮጥኩ። ክሩ አልተበጠሰም፤ ሰሙ አልተሰነጠቀም፤ የአውራ ጣቴ ምልክት እንዳለ ነው። ከፍቼ ገባሁ። ሸረሪት ከሳጥኑ እስከ ላቀው የሽመና ዕቃ ድረስ ድሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰው አልገባም፤ ሳጥኑ ላይ የመጨረሻው እጅ የክብሩ ነው፤ እሱም ካምባ ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። በአገልግሎት ዘመኔ ሌባ የወሰደውን በተዘጋ በር መልሶ ሲያስገባ አላየሁም። ሁለተኛ ቁልፍ ይኖረው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ማኅተሙ እምቢ አለኝ። በጣሪያ ይሆን ብዬ የእንሰቱን ክዳን በዓይኔ ዞርኩት፤ እሱም እምቢ አለኝ። የምጠረጥረው ሰው ሲያልቅብኝ የግምጃ ቤቱ ሕግ ትዝ አለኝ፤ ቁልፍ የያዘ ይጠየቃል የሚለው። ጉድለቱም የተሟላው፣ ቁልፉም የነበረው እኔ ዘንድ ነው። በራሴ ሕግ ከተሄደ ተጠርጣሪዋ እኔ ነኝ። ከእኔና ከፀሐይ አንዳችንን መምረጥ ነበረብኝ፤ እኔ አለመሆኔን ደግሞ አውቃለሁ።

ጋሽ ጉታ ነገሩን ሲሰሙ አላፈሩም። ቤቱ ልናነሳው መሆናችንን ሰምቶ ፈርቶ ነው አሉና ቅዳሜ የተጠራውን ሰው በምርቃት መለሱት። መንደሩ እስከ ዛሬ ይስቃል፤ ግማሹ በእሳቸው፣ ግማሹ በእኔ።

ማታ ዕድላዊትን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየኋት። ይኸው ተመለሰ፤ እዪው አልኳት፤ እኔ የመለስኩት ይመስል። ቀና ብላም አላየችው። "አይቼዋለሁ። እኔ ግን መስመር አላስፈለገኝም" ብላኝ ገባች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን መርፌ ሳልሰርቅ ነው ልጄን ያላመንኳት። ይህ ነው አልወርድ ያለኝ ጋሼ። ሰውዬውን መጠርጠሬ አንድ ነገር ነው፤ እሷ መርጣ ያመጣችውን ሰው የመረጠችበትን ዓይን መጠርጠሬ ግን ይቆረቁረኛል።

ከካምባ ደግሞ መልእክት መጣ። የክብሩ አባት ልጄን በሽማግሌ ፊት ሌባ ካለ ቤት ውሃ አንጠጣም ብለዋል። ክብሩም በእሱ ምትክ ሌላ ሰው ዶርዜ እንዲመደብ ጠይቋል አሉ። ዕድላዊት ደውላለት ነበር፤ አንቺን ትቼ አልሄድኩም፤ አባቴን ግን አልፌ አልመጣም እንዳላት ጌጤ ነገረችኝ። በዚህ ከቀጠለ ለመስቀል አዳዲስ ሙሽሮች እንደ አገራችን ልማድ ገበያ ሲዞሩ ልጄ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ይህን ያመጣሁባት እኔ ነኝ፤ ፀሐይ አይደለችም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። የሴት ወገን ወደ ወንድ ወገን ሽማግሌ ሲልክ አይተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ፤ እኔም አላየሁም። ግን በአገራችን እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ ማለፍ እንደማይቻል አንተም እኔም ከአባታችን ተምረናል። ነገ በጠዋት ከጋሽ ጉታ ጋር ወደ ካምባ እወርዳለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፤ የምንበረከከው ግን እኔ ነኝ። ጋሽ ጉታ ሴት ሣር ይዛ ስትሄድ ምን ይባላል ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ቤት የሚያስፈራሩ ሰው ይህን ያህል አይከብድዎትም አልኳቸው። ሳቁና ተስማሙ።

አንተን ደግሞ ከላይ የለመንኩህን እንዳታደርገው እለምንሃለሁ። ሮም ያለውን መቁጠሪያ ሄደህ አትጠይቅ። ወርዶ ነበር ብለህ ብትጽፍልኝና ያኔ ካምባ ብሄድ፣ ያመንኩት ሮምን እንጂ ልጁን አይደለም። ሰውዬው ቁልፉን መዳፌ ላይ ሲያኖር ምስክር አልጠየቀኝም፤ እኔም ያለ ምስክር መሄድ አለብኝ። ጠባዬ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልሸነግልህም። ስክሪኑን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ ፀሐይንም በጎን ዓይኔ ነው የማያት። ሲምዋን ግን መልሼ ሰክቻታለሁ። የአንተንም ቃል ሳልጠብቅ መሄዴን እንደ ድፍረት አትቁጠርብኝ፤ መልስህ እስኪደርስ ሌላ ሰው ቢመደብ ምን ይበጀኛል? ከካምባ ስመለስ እሺታህን ደብቀህ ካኖርክበት አውጣልኝ።

ለሚስጥር የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ንገራት ያለችህን ነገር ራሷ ትጻፍልኝ። ሳባን ዓይኗን ሳሚልኝ በላት ለእናቷ። ጌዲዮንን ያከሳው ካሜራው ነው ማለትን ተቀብያለሁ፤ ቢሆንም ይብላ። ጌጤ ሰላም ብላለች፤ ደብዳቤ እንደምጽፍ እንዴት እንዳወቀች አልጠይቃትም። ጋሽ ጉታ ጉልበትህን ማር ቀባው ብለዋል። ከዕድላዊት ሰላምታ ልልክልህ አልቻልኩም፤ ከዚያች ማታ ቃሏ ወዲህ አላናገረችኝም። ነገር ግን አሁን ይህን ስጽፍ ሣሩን ከደጅ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኑሬው ነበርና መጥታ አየችው፤ ወጥታ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አምጥታ ጠቀለለችልኝ።

ደብዳቤውን አርባ ምንጭ ስደርስ ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። የካምባ መንገድ ሩቅ ነው፤ ሣሩ ሳይጠወልግ መድረስ አለብኝና እዚህ ላይ ላብቃ።

እህትህ ልክነሽ
ዶርዜ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.